ጨረቃም ትወድቃለች

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት የፊዚክስ መምህራን ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። የሚጨዋወቱት ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነው፣ ብዙዎቻችን ሳይገባን ስላለፍነው ነገር ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የስበትን ምዕራፍ ጨርሼ ፈተና ሰጠኋቸው። በስሌቱ አልታሙም። የሳተላይት ፍጥነት አውጡ ስላቸው ቀመሩን ጽፈው፣ ቁጥሩን አስገብተው፣ መልሱን አመጡ። መጨረሻ ላይ ግን ቁጥር የሌለበት አንድ ጥያቄ ጨምሬ ነበር። «ጠፈርተኞች በጠፈር ጣቢያ ውስጥ ለምን ይንሳፈፋሉ?» የሚል።

ጋሼ፦ «ስበት ስለሌለ» አሉሻ!

መምህርቷ፦ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው ያሉት። ከላይ የሳተላይቱን ፍጥነት ከስበት ኃይል ያወጣው ልጅ፣ በዚያው ወረቀት ግርጌ እዚያ ስበት የለም ይላል። ሁለቱ መልሶች እንደሚጣሉ ልብ ያለ የለም።

ጋሼ፦ በልጆቹ አትፍረጂ። የሚያዩት ነገር ነው እንደዚያ የሚያሰኛቸው። ሰውየው አየር ላይ ተጋድሞ፣ የውሃ ጠብታ ድቡልቡል ሆና ስትንሳፈፍ በቴሌቪዥን እያዩ ሌላ ምን ይበሉ? «ዜሮ ግራቪቲ» የሚለውንም ከየፊልሙ ሰምተውታል። መጀመሪያ ርቀቱን ጠይቂያቸው። ጣቢያው ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?

መምህርቷ፦ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ጋሼ፦ ከአዲስ አበባ መቀሌ በቀጥታ መስመር እንኳ ከዚያ በላይ ነው። ጣቢያው በአናታችን ላይ ሲያልፍ ከመቀሌ ይልቅ እሱ ይቀርበናል። መሬት ጨረቃን ከ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ይዛ እያዞረች፣ እዚህ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ጣቢያ መሳብ እንዴት ያቅታታል?

መምህርቷ፦ በቁጥር ሲታይማ ግልጽ ነው። ስበት የሚቀንሰው ከመሬት እምብርት ባለው ርቀት ካሬ ልክ ነው። የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ 400 ሲጨመርበት 6,771 ይሆናል። ትንሹን ለትልቁ አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው፤ 0.885 ይመጣል። እዚህ 9.8 የሆነው የስበት አክስለሬሽን እዚያ 8.7 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው።

ጋሼ፦ አሁን በዚህ ቁጥር ላይ ማማ ሥሪበት። 400 ኪሎ ሜትር ቁመት ያለው ማማ ቆሞ፣ ጫፉ ላይ የስፕሪንግ ሚዛን ተቀምጦ፣ እዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢወጣበት ሚዛኑ 53 ኪሎ ያነባል። ሰውየው አይንሳፈፍም፤ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ምሳውን ይበላል። ከማማው ጠርዝ ቢንሸራተት ደግሞ ተምዘግዝጎ ይወርዳል። የሚያንሳፍፈው ከፍታው እንዳልሆነ ከዚህ ያዩታል።

መምህርቷ፦ «ታዲያ ምንድን ነው የሚያንሳፍፈው?» ማለታቸው አይቀርም።

ጋሼ፦ መውደቁ ነዋ! ጣቢያው ይወድቃል፣ ውስጡ ያለው ሰው ይወድቃል፣ ማንኪያው ይወድቃል፣ የውሃዋ ጠብታ ትወድቃለች። ሁሉም በአንድ አክስለሬሽን ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይቀድመውም። ወለሉም አብሮ ስለሚወድቅ የሰውየውን እግር ወደ ላይ የሚገፋ ነገር የለም። እኔና አንቺ አሁን ክብደታችን የሚሰማን ወንበሩ ወደ ላይ ስለሚገፋን ነው። ያ ግፊት ሲጠፋ ክብደት መሰማቱ ይቀራል፤ ስበቱ ግን እንዳለ አለ። ጠፈርተኞችን ለማሠልጠን በአውሮፕላን ውስጥ ይህንኑ ያደርጋሉ። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ይወጣና፣ የተወረወረ ነገር በሚሄድበት ቅስት ላይ ሆኖ ይበርራል። ለ20 ሰከንድ ገደማ ውስጡ ያሉት ሁሉ ይንሳፈፋሉ። የመንገደኛ አውሮፕላን በሚበርርበት ከፍታ ላይ ማለት ነው! እዚያ ስበት ጠፋ የሚል ማን አለ?

መምህርቷ፦ ሁሉም እኩል ይወድቃል የሚለውም ቢሆን በቀላሉ አይዋጥላቸውም። ከባዱ ይቀድማል ባዮች ናቸው።

ጋሼ፦ እሱን ከመከራከር ማሳየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የወፍ ላባ ይዞ እኩል ለቀቃቸው። አየር በሌለበት እኩል አረፉ። ፊልሙ አለ፤ አሳዪያቸው።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ይወድቃል እንበል። የሚወድቅ ነገር ግን አንድ ቀን መሬት ይደርሳል። የጣቢያው የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ እስካሁን እላይ ነው። የማያልቅ ውድቀት እንዴት ያለ ነው?

ጋሼ፦ ይህን ኒውተን በመድፍ ነው ያስረዳው። ጫፉ ከአየር በላይ የወጣ በጣም ረጅም ተራራ አስቢ። ጫፉ ላይ መድፍ ጠምደሽ በአግድም ተኩሺ። ጥይቱ ትንሽ ሄዶ ይወድቃል። ባሩዱን ጨምሪ፤ ራቅ ብሎ ይወድቃል። አሁንም ጨምሪ፤ ይሄኔ የመሬት ክብነት ጣልቃ ይገባል። ጥይቱ ዝቅ ሲል የመሬቱም ገጽ ከሥሩ ጎብጦ ዝቅ ይላል።

መምህርቷ፦ ቁጥሩ ደግሞ ያምራል። ከእጅ የተለቀቀ ነገር በመጀመሪያዋ ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወድቃል። ከቆምንበት ተነስተን በአግድም የሚሄድ ቀጥተኛ መስመር ብንዘረጋ፣ የመሬት ገጽ ከመስመሩ በ4.9 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው 7.9 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ጋሼ፦ አገናኚያቸው!

መምህርቷ፦ ጥይቱ በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ በዚያች ሰከንድ ከቀጥታ መንገዱ 4.9 ሜትር ይወድቃል፤ መሬቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይልለታል። ከፍታው አልተለወጠም። በሚቀጥለው ሰከንድም እንደዚያው ነው፤ በሚቀጥለውም።

ጋሼ፦ ምህዋር ማለት ይኸው ነው። ካልኩለስ የለበትም፣ ግሪክ ፊደል የለበትም፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ፍጥነቱ ከ7.9 ሲበልጥ መንገዱ ሞላላ፣ ማለት ኤሊፕስ ይሆናል፤ 11.2 ከደረሰ እስከ ወዲያኛው አይመለስም። ይህን ሳያሳዩ ኤም ቪ ስኩዌር በአር ብሎ መጀመር የተማሪውን ትልቅ ደስታ መንጠቅ ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

መምህርቷ፦ ኤም ቪ ስኩዌር በአር ካሉ፣ የማያስተኛኝን ነገር ልንገርዎት። ልጆቹ ስሌቱን የሚጀምሩት «ስበቱና ሴንትሪፉጋል ኃይሉ እኩል ሆኑ» ብለው ነው። ወደ ውስጥ ስበት ይስባል፣ ወደ ውጭ ሴንትሪፉጋል ይገፋል፣ ሁለቱ ተመጣጠኑ፣ ሳተላይቱም ሳይወድቅ ቀረ ይላሉ። መልሱ ደግሞ ልክ ይወጣል። ልክ የወጣን መልስ ምን ብዬ ልሰርዘው?

ጋሼ፦ አትሰርዢው፤ አስጠይቂው። ሁለት እኩል ኃይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከሳቡት ድምራቸው ስንት ነው?

መምህርቷ፦ ዜሮ።

ጋሼ፦ ድምሩ ዜሮ የሆነ ኃይል ያረፈበት ነገር እንዴት ነው የሚሄደው?

መምህርቷ፦ በቀጥታ መስመር፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ። የኒውተን አንደኛ ሕግ።

ጋሼ፦ ጨረቃ በቀጥታ መስመር ትሄዳለች? በየቅጽበቱ ትታጠፋለች። እንግዲያው የሚያጥፋት፣ የሚመጣጠነው ያጣ ኃይል አለ። እሱም አንድ ብቻ ነው፤ ስበት። ሴንትሪፔታል የሚሉትም ከስበት ሌላ የተጨመረ ኃይል አይደለም። ስበቱ ራሱ ነው ያንን ሥራ የሚሠራው። ከሚዞረው ነገር ጋር አብሮ እየዞረ ለሚያይ ተመልካች ሴንትሪፉጋልን ማስገባት ያስፈልጋል፤ እሱን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በሥርዓቱ ይማሩታል። ለጀማሪ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍንበታል። ሳተላይቱ እየወደቀ መሆኑን ይሸፍንበታል!

መምህርቷ፦ ክፍል ውስጥ ድንጋይ በገመድ አስሬ ሳዞር፣ እጄ ወደ ውጭ ሲጎተት ያያሉ። «ይኸው ሴንትሪፉጋሉ» ይሉኛል።

ጋሼ፦ ገጠር ያደገ ልጅ ካለ እሱን አስነሺው። ማማ ላይ ሆኖ ሰብል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ወንጭፉን መቼ እንደሚለቅ ያውቃል። ዝንጀሮውን ለመምታት ሲፈልግ፣ ወንጭፉ ወደ ዝንጀሮው በተዘረጋበት ቅጽበት አይለቀውም፤ ያን ጊዜ ቢለቀው ድንጋዩ ወደ ጎን ይሄድበታል። ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ቢኖር ኖሮ፣ ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ከእጁ በቀጥታ በሸሸ ነበር። የሚሄደው ግን በታንጀንቱ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ። እጅሽ ድንጋዩን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ድንጋዩ እጅሽን ወደ ውጭ ይስባል። ያ ኃይል ያረፈው እጅሽ ላይ ነው እንጂ ድንጋዩ ላይ አይደለም። ልጆቹ የሚያደበላልቁት እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ኃይል በየትኛው አካል ላይ እንዳረፈ ሳይጠይቁ ይደምራሉ። ስበት አሁን በዚህች ቅጽበት ቢቋረጥ ጨረቃም እንደዚያው ናት። ከእኛ በቀጥታ ወደ ውጭ አትፈናጠርም፤ በያዘችው መንገድ ቀጥ ብላ፣ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።

መምህርቷ፦ ጨረቃን ካነሱ የኒውተንን ስሌት እንሥራው። የመማሪያ መጽሐፉ ኒውተን ስትወድቅ አየ በሚባልላት ፖም ላይ ያቆማል።

ጋሼ፦ ፖሟን ሁሉም ያውቃታል፤ ስሌቱን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ከእሱ በፊት ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ፕላኔቶች በኤሊፕስ እንደሚዞሩ አሳይቶ ነበር። ጋሊሊዮ ደግሞ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የሚወድቁ ነገሮችን ሕግ በቁጥር አስቀምጧል። አንዱ የሰማይ ነው፣ ሌላው የምድር። ኒውተን የጠየቀው ጥያቄ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ፖሟን የሚጥላት ኃይል ጨረቃ ድረስ ቢደርስስ? አለ። ጨረቃ ከመሬት እምብርት በ60 የመሬት ሬዲየስ ትርቃለች። ስበት በርቀት ካሬ የሚቀንስ ከሆነ እዚያ ስንት ጊዜ ያንሳል?

መምህርቷ፦ 60 በ60፣ 3,600 ጊዜ። 9.8 ለ3,600 ሲካፈል 0.0027 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር።

ጋሼ፦ ይህን ቁጥር ወደ ጎን አስቀምጪው። አሁን ስበት የሚባል ነገር እንዳልሰማሽ ሁኚና ጨረቃን ብቻ ተመልከቺ። ርቀቷ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ27.3 ቀን ነው። ከዚህ ብቻ ተነስተሽ አክስለሬሽኗን አስዪ።

መምህርቷ፦ ዙሪያው 2.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ27.3 ቀን ሲካፈል በሰከንድ 1.02 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የፍጥነቱ ካሬ ለርቀቱ ሲካፈል... 0.0027።

ጋሼ፦ አንደኛው ቁጥር የመጣው እዚህ እጃችን ላይ ከሚወድቅ ነገር ነው። ሁለተኛው የመጣው ሰማይ ከማየት ነው። ገጠሙ! ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 በታተመው ፕሪንኪፒያ ውስጥ ይበልጥ አሳምሮ አስቀምጦታል። ጨረቃ በአንድ ደቂቃ የምትወድቀው፣ ድንጋይ እዚህ በአንድ ሰከንድ የሚወድቀውን ያህል ነው።

መምህርቷ፦ ጊዜው 60 እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ 3,600 እጥፍ ይሆናል፤ ስበቱ ደግሞ 3,600 ጊዜ ያንሳል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ጨረቃ በደቂቃ 4.9 ሜትር ወደ እኛ ትወድቃለች!

ጋሼ፦ ይኸው አሁን ዛሬ ማታም እየወደቀች ነው። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ስሌት አላገኘሁም። ሦስት መስመር ነው፤ የ11ኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። ሰማይና ምድር በአንድ ሕግ እንደሚገዙ ልጁ በራሱ እጅ፣ በራሱ እርሳስ ያረጋግጣል። ይህን ያህል ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ካለ ንገሪኝ።

መምህርቷ፦ «ጨረቃስ መሬትን አትስብም?» ያለኝ ልጅ አለ።

ጋሼ፦ ያንን ልጅ እንዳትለቂው። ትስባለች፤ ያውም እኩል። ሁለቱም የሚሳሳቡት ከ2 ቀጥሎ 20 ዜሮ በሚጻፍ ኒውተን ነው። መሬት በ81 እጥፍ ስለምትከብዳት ጥቂት ብቻ ትነቃነቃለች እንጂ ዝም ብላ አልቆመችም። ሁለቱ የሚዞሩት የጋራ ማዕከላቸውን ነው፤ እሱም ከመሬት እምብርት 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህም መሬት ውስጥ ነው።

መምህርቷ፦ ወደ ሳተላይቱ ልመልስዎት። ልጆቹ ሮኬት ሲተኮስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያያሉ። ሥራው ሁሉ ከፍታ ላይ መድረስ ይመስላቸዋል።

ጋሼ፦ ከፍታው ትንሹ ሥራ ነው። አንድ ኪሎ ነገር 400 ኪሎ ሜትር ከፍ ለማድረግ 3.7 ሚሊዮን ጁል ይበቃል። ያንኑ አንድ ኪሎ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ለማስሮጥ ከ29 ሚሊዮን ጁል በላይ ይፈልጋል፤ ስምንት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ የሚነሳው ከወፍራሙ አየር ቶሎ ለመውጣት ነው። ከዚያ ያዘነብልና ጉልበቱን ወደ ጎን ለመሮጥ ያውለዋል። የጎን ፍጥነቱን ካላገኘ 400 ኪሎ ሜትር ወጥቶም ይመለሳል። ምህዋር ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ለመዞር ሞተር አያስፈልገውም። ጣቢያው አልፎ አልፎ ሞተር የሚያስነሳው እዚያም ድረስ ያለ ስስ አየር ቀስ በቀስ ዝቅ ስለሚያደርገው ነው።

መምህርቷ፦ ከዚህ ምዕራፍ ለእኔ የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ፤ ፍሬን የያዘ ሳተላይት ይፈጥናል የሚለው። በቀመሩ ይወጣል፤ ለልጅ ለማስረዳት ግን ይቸግራል።

ጋሼ፦ ጠፈርተኞቹንም ቸግሯቸዋል እኮ! እ.ኤ.አ. በሰኔ 1965 ጄሚኒ 4 የተባለችው መንኮራኩር ምህዋር ገብታ፣ አዛዡ ጄምስ ማክዲቪት አብሯቸው የወጣውን ባዶ የሮኬት ክፍል ለመጠጋት ሞከረ። ሰውየው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው። እንደለመደው አፍንጫውን ወደ ዒላማው አዙሮ ሞተር አስነሳ። ዒላማው ራቀ። እንደገና አስነሳ፤ አሁንም ራቀ። ነዳጁ ሲመናመን ሙከራውን ተዉት።

መምህርቷ፦ ለምን ራቀ?

ጋሼ፦ ወደፊት ስትገፊ ፍጥነት ትጨምሪያለሽ፤ ፍጥነት ስትጨምሪ ምህዋርሽ ከፍ ይላል። ከፍ ባለው ምህዋር ላይ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል፣ ስበቱም ስለሚሳሳ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለመድረስ የገፋው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ከፊትሽ ያለውን ለመያዝ ከፈለግሽ ፍሬን ያዢ። ያን ጊዜ ዝቅ ወዳለው ምህዋር ትወድቂያለሽ፤ መንገዱ ያጥራል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከሥሩ አልፈሽ ትደርሺበታለሽ። ከዚያ እንደገና ከፍ ትያለሽ።

መምህርቷ፦ ፍሬን የያዘ ነገር ፍጥነቱን ከየት አመጣው?

ጋሼ፦ ከመውደቁ። ዝቅ ሲል ስበት ያፈጥነዋል፤ በፍሬን ከጣለው ይልቅ በመውደቅ ያገኘው ይበልጣል። አየሽ፣ «ሳተላይት ይወድቃል» የሚለውን የጨበጠ ሰው ይህንንም ያገኘዋል። «ኃይሎቹ ተመጣጥነው ቆመ» ብሎ የተማረው ግን እዚህ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። ጉዳዩን ካጠኑት አንዱ በዝ ኦልድሪን ነበር፤ በኋላ ጨረቃ ላይ ከወረዱት አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በምህዋር ላይ ስለ መገናኘት ነው። በታኅሣሥ 1965 ጄሚኒ 6 ጄሚኒ 7ን ፈልጋ ደርሳባት፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ጎን ለጎን ሆኑ። ስሌቱን ተከትለው እንጂ በዓይን እያነጣጠሩ አልነበረም።

መምህርቷ፦ የሩቁ ቀርፋፋ፣ የቅርቡ ፈጣን ነው ካልን እኔም የጣራችን ዲሽ ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞር ወደ ምዕራብ ያጋደለውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ አስዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ልጆቹ «ይኸው ቆሟል» ይሉኛል።

ጋሼ፦ ከ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሆኖ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ መሬትም በራሷ ዛቢያ የምትዞረው በዚያው ጊዜ ነው። አብረን ስለምንዞር ቆሞ ይታየናል። ቢቆምማ ኖሮ በቀጥታ ወደ መሬት ይወርድ ነበር።

መምህርቷ፦ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢትአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅም «የኛ ከሆነች ለምን ከኢትዮጵያ በላይ አትቆምም?» ተብሎ ነበር።

ጋሼ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱን ግን የሚወስነው ከፍታዋ ነው። የተላከችው 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የመሬትን ፎቶ እንድታነሳ ነው። ከዚያ ቅርበት ሆና በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ አለባት። አንዱ ዙር 97 ደቂቃ ይወስዳል፤ በቀን 15 ዙር ያህል ማለት ነው፤ እሷ በምትዞርበት ጊዜ ደግሞ መሬት ከሥሯ ትዞራለች። ስለዚህ እንጦጦ ያለው የመሬት ጣቢያ ያገኛት የነበረው ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃ ነው። 70 ኪሎ ገደማ መመዘኗ በፍጥነቷ ላይ ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም። በዚያ ከፍታ 400 ቶን የሚመዝን ነገርም ቢኖር እኩል ነው የሚዞረው። ይህን ስሌት ለልጆቹ ስጫቸው፤ ከፍታውን ብቻ ነግረሽ 97 ደቂቃውን ራሳቸው ያውጡት።

መምህርቷ፦ እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ምዕራፉን ከየት ልጀምረው?

ጋሼ፦ ቀመሩን ለሁለት ክፍለ ጊዜ ደብቂው። በመጀመሪያው 4.9 ሜትርንና 7.9 ኪሎ ሜትርን ያገናኙ። በሁለተኛው የጨረቃን ስሌት በየደብተራቸው ይሥሩ። በሦስተኛው ቀመሩን ስትጽፊላቸው ያወቁትን ነገር ያሳጥርላቸዋል። በፈተናሽ ላይም ቁጥር የሌለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይኑር፤ ነጥቡም ከስሌቱ አይነስ።

መምህርቷ፦ ጊዜው አይበቃኝም ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ወላጅም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ልጁም የሚያየው እሱን ነው። «ይህ ይመጣል ወይ?» ይሉኛል። ካልመጣ አይሰሙኝም።

ጋሼ፦ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ጫና ውስጥ ነው ያስተማርኩት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ግን ታገኛለሽ። ስድስቱን ተመሳሳይ የቁጥር መልመጃ ሁለት አድርጊው፤ ከስድስቱ በሁለቱ የሚማሩት ይበልጣል። የቀረው ሸክም የአንቺ ብቻ አይደለም። በምርጫ ፈተናም ቢሆን ቁጥር ሳያስገቡ ማሰብን የሚጠይቅ ጥያቄ ማውጣት ይቻላል። ፍሬን የያዘ ሳተላይት ፍጥነቱ ምን ይሆናል? በጣቢያው ከፍታ ላይ የመሬት ስበት ከዚህኛው ምን ያህሉ ነው? ገመዱ የተለቀቀ ድንጋይ በየት ይሄዳል? ፈተና አውጪዎች በየዓመቱ እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ እንኳ ቢያስገቡ፣ በአገሩ ያለ የፊዚክስ መምህር ሁሉ ይህንን ማስተማር ይጀምራል። አንድ ጥያቄ ነው የምንለምናቸው።